ቤቱ ድሮም ቆጣቢ ነው፤ ከዚህ በታች ማውረድ ይቻላል ወይስ ባትሪ ልግዛ?

ጣሪያ_ላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ላይ መሰራት አለበት የሚባለውን ሁሉ ሰርተናል፤ አምፖሉ በሙሉ ኤልኢዲ ነው፣ ኮርኒሱ ላይ ወፍራም የሙቀት መከላከያ (ኢንሱሌሽን) አለ፣ መስኮቶቹ ድርብ መስታወት ናቸው፣ ፍሪጁ አዲስ ነው፣ ጣሪያ ላይ 4 ኪሎዋት ሶላር አለን። መጀመሪያ ላይ ቢሉ ደህና አድርጎ ወረደ፣ ከዛ ግን በቃ አንድ ቦታ ላይ ቆመ ንቅንቅ አይልም። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው ስለማይኖር ሶላሩ ከሚያመርተው አብዛኛው ወደ ውጭው የመብራት መስመር ነው የሚሄደው፣ ለሱ የሚከፈለን ደሞ ማታ መልሰን ስንገዛው ከምንከፍለው በጣም ያንሳል። ስለዚ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪና ተጨማሪ ፓኔል አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን "ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ሰው ጠይቅ" አለችኝ፣ ይኸው ጠየቅኩ። 4 ሰው ነን፣ ሙቅ ውሃ ከ200 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ ምግብ በጋዝ። እናንተ ብትሆኑ በምን ትጀምራላችሁ?

ቆጣሪ_አንባቢ፦
ባለቤትህን ስማት 😄

ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ቁጥር ፈልግ፤ ሁሉም ሰው ተኝቶ፣ ሶላሩ ዜሮ ሆኖ፣ ማንም ምንም ሳይነካ ቤቱ ብቻውን ስንት ዋት ይበላል? ቤት አንዴ ቆጣቢ ከሆነ በኋላ ቢሉን ይዞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ የሚሄደው። አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሲሰራ 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ዋት ምን ያደርጋል ትላለህ ግን 100 ዋት ሲሆን 876 ነው፣ አምፖል ቀይረህ ያተረፍከውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊበላው ይችላል።

ለመለካት መሳሪያ አያስፈልግህም። ቆጣሪህ ዲጂታል ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፣ አጠገቧ 1000 ወይ 1600 ወይ 3200 የሚል ቁጥር ተጽፏል፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ነው። 1000 የሚል ከሆነ በሁለት ብልጭታ መሃል ያለውን ሰከንድ ቁጠርና 3600ን ለሱ አካፍል፣ የሚመጣው ዋት ነው። የፍሪጁ ሞተር እስኪያርፍ ጠብቅ ታዲያ፣ አለዚያ የሱን ጨምረህ ነው የምትቆጥረው። ከዛ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረድክ የትኛው ላይ ብልጭታው እንደሚዘገይ እይ። ሌባው በየትኛው መስመር እንዳለ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

ሶላሪስት፦
እኔ በባትሪው አልከራከርም ጥሩ ነገር ነው። ቀን የምትልከው ርካሽ ከሆነና ማታ የምትገዛው ውድ ከሆነ ባትሪ ለዛ ነው የተሰራው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ያለውን ያዝ፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይፈሳል፣ ካስገባኸው 100 ውስጥ ወደ 90 አካባቢውን መልሶ ይሰጥሃል። ሊድ አሲድ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፣ ግማሹ ድረስ ብቻ ነው እንዲፈስ የሚመከረው፣ ከዛ በታች ደጋግመህ ካወረድከው ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚ የገዛኸው 10 በተግባር 5 ነው። ፓኔሉን ግን ቆይ ለምንድነው የምትጨምረው? ያለህንም አልተጠቀምክበትም'ኮ።

ሙቅ_ውሃ፦
እንዴ፣ 200 ሊትር ቦይለር ያለው ሰው ባትሪ ልግዛ ሲል ይገርመኛል፣ ባትሪ እኮ አለህ!! አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 200 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ስታደርሰው 9.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልትገዛው ካሰብከው ባትሪ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፣ ይሄኛው ደሞ ተገዝቶ ተገጥሞ መታጠቢያ ቤት ተቀምጧል። የቀረህ ነገር መቼ እንደሚሞቅ መወሰን ብቻ ነው። አሁን መቼ ነው የሚሰራው? ልገምት፣ ማታ ሁላችሁም ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ ሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታቱ) ራሱ ያስነሳዋል፣ ጸሐይ በሌለበት፣ በውዱ ሰዓት። ታይመር አድርግለትና ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ይስራ። ወደ መስመር በነጻ በሚባል ዋጋ ትሰጠው የነበረው ውሃ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ከዚህ የተሻለ ደሞ አለ፣ ዳይቨርተር የሚባል እቃ፣ ወደ መስመር ሊወጣ ያለውን ትርፍ አይቶ ያንኑ ያህል ብቻ ወደ ቦይለሩ የሚልክ። ደመና ሲመጣ ይቀንሳል፣ ጸሐይ ስትወጣ ይጨምራል። እሱ ካልተገኘ የቦይለሩን ማሞቂያ ከ3 ኪሎዋት ወደ 1.5 መቀየር ይቻላል፣ ለመሙቀት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል ግን ሶላርህ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ጥያቄዬ የጀማሪ ነው። ቦይለር ስናጠፋውና መልሰን ስናበራው እንደ አዲስ ለማሞቅ የበለጠ ይበላል ሲሉ ሰምቼ እኔ ሁሌም አጥፍቼው አላውቅም። እና ሁለተኛ ቴርሞስታቱን 45 ላይ ባደርገው አይቀንስም?

ሙቅ_ውሃ፦
@አዲስ_ገቢ ምን ችግር አለው እህቴ ጠይቂ። የበለጠ ይበላል የሚባለው ልክ አይደለም። ጋን ውስጥ ያለ ሙቅ ውሃ ሙቀት የሚያፈሰው ከክፍሉ በሚበልጠው ዲግሪ ልክ ነው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያፈሰውም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚ ጠፍቶ የቆየበት ሰዓት ሁሉ ትርፍ ነው፣ ምን ያህል ትርፍ የሚለው ግን በጋኑ ሽፋን ነው የሚወሰነው፣ ሽፋኑ ጥሩ ከሆነ ያን ያህል ልዩነት አታይም። ጋኑን በእጅሽ ንኪው፣ ለብ ካለሽ እየፈሰሰ ነው። ከላዩ የሚወጣውን ቧንቧ ደሞ ንኪው፣ እሱ ካቃጠለሽ በስፖንጅ መሸፈኛ አልብሺው፣ ርካሽ ነገር ነው ለውጡ ግን ወዲያው ነው።

45 ላይ ግን በጭራሽ አታድርጊው። ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ በሻወር ጭጋግ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ለዛ ነው ጋኑ ውስጥ 60 ይሁን የሚባለው። ቤት ውስጥ ህጻን ወይ አዛውንት ካለ እንዳያቃጥል መውጫው ላይ ማደባለቂያ ቫልቭ ይገጠማል። ቁጠባውን ከሻወር ራሱ ላይ ፈልጊው፤ በደቂቃ 12 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ስር 8 ደቂቃ ብትቆሚ፣ ውሃው ከ20 ወደ 40 የሞቀ ከሆነ፣ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ወረደ ማለት ነው። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያፈሰውን ብትገጥሚ ግማሹ ቀረ። ለአንድ ሰው ነው ይሄ፣ በ4 አባዢው።

ግንበኛው፦
ልጆች፣ እናንተ ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የምታወሩት። ቤቱ ራሱስ? ድርብ መስታወት አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ የመስኮቱ ፍሬምና ግድግዳው መሃል ግን ጣት ያስገባል። ነፋስ ያለበት ቀን እጅህን ውሃ ነክረህ በፍሬሙ ዙሪያ፣ በበሩ ስር፣ ቧንቧና ሽቦ ግድግዳ በሚበሱበት ቦታ፣ ወደ ኮርኒስ በሚያስወጣው ክዳን ዙሪያ አዙረው። የቀዘቀዘህ ቦታ ላይ ነው ሙቀትህ የሚወጣው። ጎማና ሲሊኮን ነው መድኃኒቱ፣ የግማሽ ቀን ስራ።

ኮርኒሱ ላይ ኢንሱሌሽን ልጨምር ካልክ ግን ተው። ኢንሱሌሽን እጥፍ ሲሆን የሚወጣው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ100 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 25፣ ከ25 ወደ 12 እያለ። ወጪው ግን በየደረጃው እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ያተርፋል የመጨረሻው ግን ለስም ነው። ያልተሸፈነ ቦታ ካለ እሱን ሸፍን፤ የተሸፈነውን አትደርብበት።

ሙቀት የሚያስቸግር ቤት ከሆነ ደሞ መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ብዙም አይጠቅምም። ጸሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃው ላይ ብታርፍም ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ከውጭ ነው መከልከል፣ በሸራ፣ በመዝጊያ፣ በዛፍ።

ቆጣሪ_አንባቢ፦
ጋሼ ትክክል ነዎት ግን አንድ ነገር ይጨመርበት፣ ቤት ሲታሸግ አየር ማስገቢያ ታስቦለት መሆን አለበት፣ በተለይ @ጣሪያ_ላይ ምግብ በጋዝ ነው ያልከው። የታሸገ ቤት ውስጥ ጋዝ ማንደድ አደገኛ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። እርጥበቱም መውጫ ካጣ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ይጀምራል።

ግንበኛው፦
እውነትህን ነው ልጄ። ጀርመኖች በ1991 ዳርምሽታት ላይ የመጀመሪያውን ፓሲቭ ሃውስ (በጣም ጥቂት ማሞቂያ የሚፈልግ ቤት) ሲሰሩ በጣም ያሸጉት ከአየር ማናፈሻው ጋር አንድ ላይ ነው፤ የሚወጣው አየር የሚገባውን እያሞቀ። የፓሲቭ ሃውስ መስፈርት ለማሞቂያ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በ50 ፓስካል ግፊት ሲለካ ደሞ በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ አየሩ መለወጥ የለበትም። ነባር ቤት እዛ ለማድረስ መጋጋጥ አያስፈልግም። ግን ማሸግና ማናፈስ አብረው የሚሄዱ ናቸው፣ አንዱን ብቻ አትስራ።

ጣሪያ_ላይ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንም። ሌሊት ተነስቼ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ፣ የኔው 1000 የሚል ነው፣ በሁለት ብልጭታ መሃል 20 ሰከንድ። 3600 ለ20 = 180 ዋት!! ሁላችንም ተኝተን! አስልቼ ሳየው በዓመት ከ1,500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ብሬከር እያወረድኩ ስሄድ የተገኘው ይሄ ነው፤

ሳሎን የቲቪው ዙሪያ ብዙ ይዟል፣ ቲቪው ራሱ ምንም አይልም ግን ሪሲቨሩና የድምጽ ማጉያው ጠፉ ብዬ የማስባቸው ጠፍተው አያውቁም፣ ሁለቱም ሲነኩ ይሞቃሉ። እቃ ቤት ያለው አሮጌ ፍሪዘር አለ፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ደሞ ማረፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ትልቁ ግን ያላሰብኩት ነው፣ ቧንቧ ሲከፈት ወዲያው ሙቅ ውሃ እንዲመጣ ተብሎ የተገጠመች የማዞሪያ ፓምፕ አለች ከቦይለሩ ስር፣ ቤቱ ሲሰራ ጀምሮ ቀንና ሌሊት እየዞረች ነው።

ሙቅ_ውሃ፦
አገኘሃት! ፓምፗ የምትበላው ዋት ትንሹ ነው ወንድሜ፣ ትልቁ ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙቅ ውሃ በግድግዳ ውስጥ ባለ ቧንቧ እየዞረ ሙቀቱን ለግድግዳ እየሰጠ ይመለሳል፣ ቦይለሩ ደሞ የጠፋውን ለመተካት ይነሳል። ቆጣሪው ላይ ያየኸው 180 ቦይለሩ ባረፈበት ሰዓት ከሆነ ይሄ ኪሳራ እዛ ውስጥ የለም፣ ከዛ በላይ ነው። ታይመር አድርግላት፣ ጠዋትና ማታ ሻወር ሰዓት ላይ ብቻ ትዙር። ወይ ቁልፍ ስትጫን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትሰራ አድርጋት፣ እሱ ይሻላል።

ዝም_ብዬ_ላንብብ፦
ይሄን አንብቤ ተነስቼ የኔን ሪሲቨር ነካሁት። ሞቋል 🤦

አረንጓዴ_ልብ፦
ፍሪዘሩን አስወግደው። ፍሪጅ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ፣ ፍሪዘር 18 ከዜሮ በታች በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ማቀዝቀዝ ብክነት ነው። ስታስወግደው ግን ለሚያውቅ ሰው ስጥ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ እንዲሁ አየር ላይ መለቀቅ የለበትም። ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያስበው እንጂ የማቀዝቀዣ ጋዙም አካባቢ ይጎዳል። ኤር ኮንዲሽነርና ሂት ፓምፕ (ሙቀት ከውጭ ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን) ውስጥ የኖረው አር410ኤ ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ ያሞቃል፣ አር32 ወደ 675 ነው፣ ፕሮፔኑ አር290 ግን በነጠላ አሃዝ ነው። አዲስ ስትገዛ ጀርባው ላይ ያለውን ታርጋ አንብብ፣ የጋዙ ስም ተጽፏል።

አንድ ነገር ደሞ ልናገር፣ አረንጓዴና ርካሽ ሁሌ አንድ አይደሉም። በደንብ የሚሰራ እቃ አውጥቶ ትንሽ የበለጠ ቆጣቢ መተካት ለቢሉ ሊጠቅም ይችላል፣ ግን አዲሱ ሲመረት የወጣው ብረትና ኢነርጂም ይቆጠራል። አሮጌው ፍሪዘር ይውጣ፣ ባዶውን ነው የሚሰራው። አዲሱ ፍሪጅህ ግን የቁጠባ ኮከቡ አንድ ስላነሰ ብለህ እንዳትነካው።

ተጠራጣሪው፦
እኔ የማየው ግን ሰው ቤቱን ቆጣቢ ካደረገ በኋላ "ሶላር አለኝ'ኮ" እያለ ኤሲውን ቀኑን ሙሉ ሲለቀው ነው። እንግሊዛዊው ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ያለው ይሄንኑ ነው፣ ሞተር ቆጣቢ በሆነ ቁጥር ከሰሉ በርካሽ ስለሚሰራ ጠቅላላ ፍጆታው ጨመረ። ኤልኢዲ ርካሽ ነው ተብሎ ጓሮው ሁሉ ሌሊቱን በርቶ ሲያድር አላየሁም እንዴ።

ቆጣሪ_አንባቢ፦
@ተጠራጣሪው ልክ ነህ ግን ሰውየው እኮ 180 ዋቱን ያገኘው ስለለካ ነው። ለዛ ነው ቢሉን በብር አትዩት በኪሎዋት ሰዓት እዩት የምለው፣ ብሩ በታሪፍ ይቀያየራል።

ሶላሪስት፦
እሺ አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። ጣሪያ_ላይ፣ የሌሊቱን ከ180 ወደ 70 ካወረድከው ከምሽት እስከ ጠዋት ያለው 14 ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቦይለሩ ወደ ቀን ከዞረ እሱም ከማታው ሂሳብ ወጣ። የሚቀርህ መብራት፣ ቲቪ፣ ፍሪጅና በጋዙ ፈንታ ኢንደክሽን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ካስገባህ የእራት ማብሰያ ነው፣ 10 ለዚህ ብዙ ነው፣ 5 የሚይዝ ይበቃሃል ባይ ነኝ፣ ዋጋውም ያንሳል። ለዚህ ነው ባትሪ መጨረሻ ላይ የሚገዛው፤ ቀድመህ ብትገዛው ኖሮ ለፓምፕና ለሪሲቨር የሚሆን ባትሪ ነበር የምትገዛው።

ፓኔሎቹን ግን እያቸው። ዛፍ ወይ የውሃ ታንከር ከሰዓት በኋላ አንዱ ላይ ጥላ ይጥላል ወይ? በአንድ መስመር በተያያዙ ፓኔሎች ላይ የአንዱ ጥላ ሌሎቹንም ይጎትታቸዋል። ከስራቸው አየር ይለፍ ደግሞ፤ ፓኔል አቅሙ የሚጻፈው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፣ ከዛ በላይ ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ አካባቢ ያጣል፣ ቀትር ላይ ራሱ ፓኔሉ 60 ሲደርስ 12 በመቶ ሄደ።

አረንጓዴ_ልብ፦
ኢንደክሽን ካነሳህ አይቀር፣ ጋዙ ከቧንቧ መስመር ከሆነ ወርሃዊ ቋሚ ክፍያም አለው አይደል? ለምድጃ ብቻ ብለህ የምትከፍለው ከሆነ ምድጃውን ስትቀይር ቋሚ ክፍያው በሙሉ ይቀራል። ጋዝ ምድጃ ላይ ከነበልባሉ አብዛኛው ሙቀት በድስቱ ጎን አልፎ ነው የሚሄደው፣ ኢንደክሽን ግን ድስቱን ራሱን ነው የሚያሞቀው። ማግኔት ድስትህ ስር ለጥፍ፣ ከያዘ ድስቱ ይሰራል፣ አዲስ አትግዛ።

አዲስ_ገቢ፦
ልብስ ማጠቢያስ? የኛ ቶሎ እንዲያልቅ ሁሌ አጭሩ ላይ ነው የምናደርገው

ሙቅ_ውሃ፦
ሰዓቱን ተይው ዲግሪውን እዪ። ማጠቢያ ማሽን ከሚበላው አብዛኛው ውሃ ለማሞቅ ነው፣ ከ60 ወደ 30 አድርጊው። "ኢኮ" የሚለው ረጅም የሆነው ቀስ ብሎ በትንሽ ሙቀት ስለሚሰራ ነው፣ ብዙ ሰዓት ማለት ብዙ ኃይል ማለት አይደለም። ሶላር ካለሽ ቀን ላይ ይነሳ።

ጣሪያ_ላይ፦
እሺ እስካሁን የሆነው ይሄ ነው፤ ፍሪዘሩ ወጥቷል፣ የቲቪው ዙሪያ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሆኗል (ልጆቹ ትንሽ አጉረመረሙ)፣ ፓምፗ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የምትዞረው። ሌሊት በብልጭታዎቹ መሃል አሁን 50 ሰከንድ ነው፣ 72 ዋት። ራውተሩና ፍሪጁ ብቻ ቀሩ ማለት ይቻላል። ባትሪውን ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ፣ ኢንደክሽኑ ከገባ በኋላ እንደገና አስልቼ እወስናለሁ። ተጨማሪ ፓኔል የሚባለውን ትቼዋለሁ።

አሁን ቦይለሩ ላይ ነኝ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ገዝቻለሁ፣ 16 አምፔር ይላል፣ ቦይለሩ 3 ኪሎዋት ነው፣ ስለዚ 13 አምፔር ነው የሚስበው። ይሰራል አይደል?

ቴክኒሻኑ፦
አይ እንዳትሰካው!! ወረቀት ላይ ይችላል፣ ግን የሚሰካ ታይመር 13 አምፔር በየቀኑ ለሰዓታት ሲሸከም ውስጡ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ (ሪሌይ) እየተቃጠለች ትሄዳለች፣ ሶኬቱም ፒኑ የሚነካበት ቦታ ይሞቃል። የቀለጠ ሶኬት ስንቱን አውጥቻለሁ፣ አብዛኛው ቦይለር ወይ ማሞቂያ የተሰካበት ነው። ብሬከር ሳጥን ውስጥ ኮንታክተር የሚባል ከባድ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠም፣ 20 ወይ 25 አምፔር የሚችል፣ ታይመሩ ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል ከባዱን ኮንታክተሩ ይሸከማል። ለቦይለሩ ራሱን የቻለ መስመር፣ 2.5 ካሬ ሽቦ፣ 16 ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያቋርጠው አርሲዲም አይረሳ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ይስራልህ። ያቺን ታይመር ፓምፗ ላይ አድርጋት፣ ለሷ ትበቃለች።

ጣሪያ_ላይ፦
እሺ ተረድቻለሁ፣ ኤሌክትሪሻን እየደወልኩ ነው። ባለ 25ቱን ነው የማስመጣው ማለት ነው?

ቴክኒሻኑ፦
25 ይሁን። ሲሰራ ትንሽ እዝዝ የሚል ድምጽ አለው፣ ሳጥኑ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ከሆነ ድምጽ አልባ የሚባለውን ጠይቅ።